ከሐሞት ቱቦ ኢንዶስኮፒ በኋላ የሚከሰተውን የቆሽት መቆጣት መከላከል

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የአበርገሌ ወረዳ ማዕከል ከሆነችው ኒሯቅ ተነስቶ፣ በሐሞት ቱቦው ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር ለማስወጣት ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሕመምተኛ በመጀመሪያ ሰቆጣ መድረስ፣ ከዚያም 700 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ይኖርበታል። ሕክምናው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ይሁንና ሕክምናው በተጠናቀቀ በ24 ሰዓታት ውስጥ፣ ሕመምተኛው ወደ አገሩ ለመመለስ መናኸሪያ በሚጠብቅበት ሰዓት ሳይቀር ሊነሳ የሚችል አንድ አሳሳቢ ችግር አለ። ይኸውም የቆሽት መቆጣት ነው።

በሕክምናው አጠራር ፓንክሪያታይተስ የሚባለው ይህ ሕመም፣ ኢአርሲፒ በሚል ስም የሚታወቀው የሐሞት ቱቦ ኢንዶስኮፒ ከሚያስከትላቸው ችግሮች መካከል በብዛት የሚታየው ነው። ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ባይቻልም በእጅጉ መቀነስ እንደሚቻል ባለፉት ዓመታት የተካሄዱ ሰፋፊ ጥናቶች አረጋግጠዋል። የመከላከሉ ሥራ ግን በሐኪሙ እጅ ብቻ ያለ አይደለም። ሕመምተኛውን የሚልከው ጤና ተቋም፣ መድኃኒት የሚገዛው የሥራ ክፍልና የሪፈር ሥርዓቱን የሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ሐሞት በጉበት የሚመረትና ቅባት ያለው ምግብ እንዲፈጭ የሚረዳ ፈሳሽ ነው። ከጉበት ሥር በምትገኝ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀምና ምግብ ሲበላ በቱቦ አማካይነት ወደ ትንሹ አንጀት መነሻ ይወርዳል። ቆሽት ደግሞ ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ፣ በአንድ በኩል ኢንሱሊንን፣ በሌላ በኩል ምግብ የሚፈጩ ጠንካራ ኢንዛይሞችን የሚያመነጭ አካል ነው። የሁለቱ ቱቦዎች መጨረሻ በአብዛኛው ሰው ላይ አንድ ሲሆን፣ በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ባለች የጡት ጫፍ በምትመስል ትንሽ እብጠት በኩል ይከፈታሉ። በዙሪያዋም እንደ ቀለበት የሚጠብቅና የሚላላ ጡንቻ አለ። የችግሩ ሁሉ መነሻ ይህ ጉርብትና ነው።

በሐሞት ከረጢት ውስጥ የተፈጠረ ጠጠር ወደ ቱቦው ወርዶ ሲሰነቀር ሐሞት መውረጃ ያጣል። በዚህም ምክንያት ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል፤ ሽንት ይጠቁራል፤ ሰገራ ይነጣል፤ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ብርቱ ሕመም ይሰማል። ሕመሙ ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ የሚቀሰቀስ በመሆኑ በጾም ፍቺ ሰሞን ወደ ጤና ተቋም የሚያስሮጥበት አጋጣሚ አለ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከታከለበት ቱቦው በኢንፌክሽን ተይዟል ተብሎ ስለሚታሰብ አስቸኳይ ሕክምና የግድ ይሆናል። በአገራችን የዓይን ቢጫ መሆን በጥቅሉ «የወፍ በሽታ» እየተባለ ስለሚጠራ፣ ጠጠር ያለበትም፣ ጉበቱ በቫይረስ የተጎዳም፣ ዕጢ የያዘውም በአንድ ስም ወደ ባህል መድኃኒት የሚሄድበት ጊዜ አለ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ መፍትሔው አንድ አይደለም። ወስፋትም ቢሆን ከአንጀት ወደ ሐሞት ቱቦ ወጥቶ ቱቦውን የሚዘጋበት ሁኔታ ስላለ፣ የመጸዳጃ ቤትና የንጹሕ ውኃ ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ኢአርሲፒ የሚካሄደው ካሜራ ያለው ተጣጣፊ መሣሪያ በአፍና በጨጓራ በኩል እስከ ትንሹ አንጀት መነሻ ድረስ እንዲገባ በማድረግ ነው። ሐኪሙ ከላይ በተጠቀሰችው ትንሽ መክፈቻ በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባል፤ በራጅ የሚታይ ቀለም ይረጫል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ቀለበት መሰሉን ጡንቻ በጥቂቱ በመቅደድ ጠጠሩን ያወጣል፣ ወይም የጠበበውን ቱቦ የሚያሰፋ ስቴንት ያስቀምጣል። ዘዴው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራበት እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ዊሊያም ማክዩን በተባሉ ሐኪም ሲሆን፣ ጡንቻውን ቀዶ ጠጠር ማውጣት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 በጃፓንና በጀርመን ሐኪሞች ተጀምሯል። በኢትዮጵያ አገልግሎቱ በዋነኛነት የሚሰጠው በአዲስ አበባ በሚገኙ ጥቂት ተቋማት ነው። አገልግሎቱ በሌለበት ሆስፒታል በቱቦው ውስጥ ያለ ጠጠር የሚወጣው ሆድ ተከፍቶ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና በመሆኑ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና መዳን ለገበሬም ሆነ ለመንግሥት ሠራተኛ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው።

ቆሽት በዚህ ሥራ መካከል የሚጎዳው በተለያየ መንገድ ነው። የሐሞት ቱቦውን የሚፈልገው ሽቦ በስሕተት ደጋግሞ ወደ ቆሽት ቱቦ ሊገባ ይችላል። ቀለሙ በግፊት ወደዚያው ሊረጭ ይችላል። መክፈቻዋ በመነካካት ብዛት ታብጣ የቆሽት ፈሳሽ መውጫ ሊያጣ ይችላል። በእነዚህ ምክንያቶች ኢንዛይሞቹ አንጀት ሳይደርሱ በዚያው በቆሽት ውስጥ ሥራ ይጀምሩና የራሳቸውን መፍለቂያ መፍጨት ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ በመላው ሰውነት የሚዛመት የመቆጣት ሂደት ይቀጥላል። መድኃኒቱ የሚፈለገው ይህ ሂደት ገና ሳይቀጣጠል ነው።

የዓለም አቀፍ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ኢአርሲፒ ከሚደረግላቸው 100 ሰዎች መካከል በአብዛኛው ከ3 እስከ 10 የሚሆኑት የቆሽት መቆጣት ያጋጥማቸዋል፤ ከፍተኛ ተጋላጭነት ባላቸው ሰዎች ላይ ቁጥሩ 15 ሊደርስና ሊያልፍም ይችላል። ሕመሙ ተከስቷል የሚባለው ከእምብርት በላይ አዲስ ወይም የባሰ የሆድ ሕመም ሲኖር፣ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም በደም ውስጥ ከመደበኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ከ24 ሰዓት በኋላም ሲገኝና ሕመምተኛው በሆስፒታል መቆየት ግድ ሲሆንበት ነው። አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ይድናሉ። ጥቂቶች ግን ቆሽታቸው በከፊል ይሞትና ለሳምንታት በጽኑ ሕክምና ክፍል ይቆያሉ፤ ሕይወታቸው የሚያልፍም አሉ።

ከመከላከያዎቹ ሁሉ ቀዳሚው የማያስፈልገውን ኢአርሲፒ አለማድረግ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ኢአርሲፒ ለምርመራም ያገለግል ነበር። ዛሬ ግን የሆድ አልትራሳውንድ፣ ኤምአርሲፒ የተባለው የኤምአርአይ ምርመራና በኢንዶስኮፒ የሚደረግ አልትራሳውንድ ቆሽትን ሳይነኩ ቱቦውን ስለሚያሳዩ፣ ኢአርሲፒ ለሕክምና ብቻ እንዲውል ይመከራል። በዘርፉ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ኮተን፣ ሕክምናው ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው እምብዛም ለማያስፈልጋቸው ሰዎች እንደሆነ ማስገንዘባቸው ይታወቃል። ነገሩ እንቆቅልሽ ይምሰል እንጂ ምክንያት አለው። የሐሞት ቱቦው በጠጠር ተዘግቶ የሰፋ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ቱቦው በቀላሉ ይገኛል። ቱቦው ጠባብ፣ የደም ምርመራው ደህና የሆነና የሆድ ሕመም ብቻ ያለው ሰው ግን በመክፈቻዋ ላይ ብዙ መነካካት ይደርስበታል፤ የሚያገኘው ጥቅምም አጠራጣሪ ነው።

ሕመምተኛውን የሚልከው ሆስፒታል ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የዋግ ኽምራ ነዋሪ ለከፍተኛ ሕክምና ሲላክ በአብዛኛው የሚያልፈው በሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል በኩል ነው። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የአልትራሳውንድ ውጤት ከነቱቦው ስፋት፣ የቢሊሩቢንና የሌሎች የጉበት ምርመራዎች ውጤት፣ የኩላሊት ምርመራ፣ ሕመምተኛው ከዚህ በፊት የቆሽት መቆጣት ደርሶበት እንደሆነ፣ ለአስፕሪንና መሰል መድኃኒቶች አለርጂ እንዳለውና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት እንደሚወስድ ተጽፎ መምጣቱ አዲስ አበባ ላይ ያለውን ሐኪም ውሳኔ ይለውጣል። «ለተሻለ ሕክምና ተልኳል» የሚል አንድ መስመር ብቻ የያዘ ወረቀት ግን ሕመምተኛውን ከነሥጋቱ ያስተላልፋል እንጂ የሚያስረዳው ነገር የለም።

ተጋላጭነታቸው ከፍ ያለ ሰዎች እነማን እንደሆኑ በሚገባ ይታወቃል። ሴቶች፣ በዕድሜ ወጣት የሆኑ፣ ቀደም ሲል የቆሽት መቆጣት የደረሰባቸው፣ ቢሊሩቢናቸው ከፍ ያላለና የቀለበት ጡንቻው ሥራ መዛባት የተጠረጠረባቸው ሁሉ በዚህ ይመደባሉ። ቱቦውን ማግኘት አስቸጋሪ ከሆነ፣ ሽቦው ወደ ቆሽት ቱቦ ደጋግሞ ከገባ ወይም ቀለም ከተረጨበት ደግሞ ቀድሞ ተጋላጭ ያልነበረውም ሰው ይሆናል። አንዲት ወጣት እናት ብዙ ሥጋቶችን በአንድ ጊዜ ይዛ ልትመጣ እንደምትችል ልብ ይሏል።

በስብሰባ ላይ ስለ ስፔሻላይዝድ ሕክምና ሲነሳ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ውድ መሣሪያ ያዘነብላል። በዚህ ጉዳይ ከፍተኛ ለውጥ ያመጣው ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በገበያ ላይ የቆየና ዋጋው አነስተኛ የሆነ መድኃኒት ነው። ለችግሩ መፍትሔ ፍለጋ ስቴሮይድ፣ አሎፑሪኖልና ሌሎች በርካታ መድኃኒቶች ተሞክረው አጥጋቢ ውጤት ሳይሰጡ ቀርተዋል። በመጨረሻ ውጤት የተገኘው ለመገጣጠሚያ ሕመም ከሚታዘዙት ከኢንዶሜታሲንና ከዳይክሎፌናክ ነው። በአሜሪካ በ602 ሕመምተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት፣ 100 ሚሊ ግራም ኢንዶሜታሲን በፊንጢጣ በኩል ከተሰጣቸው ከፍተኛ ተጋላጮች መካከል የቆሽት መቆጣት የደረሰባቸው 9.2 በመቶ፣ መድኃኒቱን ካላገኙት ደግሞ 16.9 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና 2 ሺህ 600 ሰዎችን ያካተተ ጥናት በበኩሉ መድኃኒቱን ከሕክምናው በፊት ለሁሉም መስጠት፣ ተጋላጮችን መርጦ ከሕክምናው በኋላ ከመስጠት የተሻለ መሆኑን አረጋግጧል፤ ውጤቱም 4 በመቶ በ8 በመቶ ነበር። የአውሮፓ የጨጓራና አንጀት ኢንዶስኮፒ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከልካይ ምክንያት ከሌለ በስተቀር ለማንኛውም ኢአርሲፒ ለሚደረግለት ሰው ከሕክምናው ቀደም ብሎ ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ 100 ሚሊ ግራም በፊንጢጣ በኩል እንዲሰጥ መክሯል።

በዚህ ላይ መሳሳት የሌለበት ነጥብ አለ። መድኃኒቱ የሚሠራው በፊንጢጣ በሚገባው ዓይነት ነው። ዳይክሎፌናክ በመርፌና በእንክብል በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ በመሆኑ «ያው ነው» ተብሎ በምትኩ ሊሰጥ ይችላል፤ ጥናቶቹ ግን በመርፌ ወይም በአፍ የተሰጠው ተመሳሳይ ጥበቃ እንደማይሰጥ ያመለክታሉ። ስለዚህ የሆስፒታሉ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ዓመታዊ ዝርዝሩን ሲያዘጋጅ፣ የግዢ ክፍሉም ለኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ጥያቄ ሲያቀርብ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም መግለጽ ይኖርበታል። በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት በሙቀት የሚቀልጥ በመሆኑ አቀማመጡም ጥንቃቄ ይሻል። ሕመምተኛው ስለ አሰጣጡ በአክብሮት፣ በሚገባው ቋንቋና ከሌሎች ሰዎች ራቅ ብሎ ቢነገረው አይቃወምም፤ ሳይነገረው ሲቀር ግን ማፈሩና እምቢ ማለቱ የሚጠበቅ ነው።

መድኃኒቱ ለሁሉም አይሆንም። ኩላሊታቸው የተዳከመ፣ የጨጓራ ቁስላቸው የሚደማ፣ ለአስፕሪን መሰል መድኃኒቶች አለርጂ ያለባቸውና በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ላይ ያሉ ሴቶች አይወስዱትም። ለእነዚህ በደም ሥር የሚሰጥ በቂ ፈሳሽ አማራጭ ነው። ፈሳሹ በተለምዶ ሁሉም «ግሉኮስ» ይባል እንጂ ለዚህ የሚመረጠው ሪንገር ላክቴት ነው። በመመሪያው መሠረት 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው በሕክምናው ጊዜ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር፣ እንዳለቀ 1 ሺህ 200 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያም ለ8 ሰዓታት በየሰዓቱ 180 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ይህን ያህል ፈሳሽ አይችልም። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በፊንጢጣ የሚሰጠውን መድኃኒት ላገኘ ሰው ይህን ያህል ፈሳሽ መጨመሩ ተጨማሪ ጥቅም አላስገኘም።

የሐኪሙ እጅ ሥልጠና ያለው ድርሻ በመድኃኒት አይተካም። ቀለም እየረጩ ቱቦውን ከመፈለግ ይልቅ በቀጭን መሪ ሽቦ መፈለግ፣ መክፈቻዋን ለረጅም ጊዜ አለመነካካትና በጊዜ ዘዴ መለወጥ ጉዳቱን ይቀንሳል። ሽቦው ወደ ቆሽት ከገባ ወይም ሰውየው ከፍተኛ ተጋላጭ ከሆነ በቆሽት ቱቦ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ስቴንት ማስቀመጥ ይመከራል። መድኃኒቱ ካለ ስቴንቱ ይቀር ይሆን የሚለው ጥያቄ ለዓመታት አከራክሯል። በአሜሪካና በካናዳ 1 ሺህ 950 ከፍተኛ ተጋላጮችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት፣ ኢንዶሜታሲን ብቻ ካገኙት 14.9 በመቶ፣ ከስቴንት ጋር ካገኙት 11.3 በመቶ የቆሽት መቆጣት እንደደረሰባቸው በማሳየት ስቴንቱ አሁንም አስፈላጊ መሆኑን አረጋግጧል።

ስቴንት ግን ቀጠሮ ያለው ነገር ነው። በቆሽት ቱቦ የተቀመጠው ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ወደ አንጀት ወርዶ ይወጣል፤ መውጣቱ ከ5 እስከ 10 ቀናት ባለው ጊዜ በራጅ መረጋገጥ ይኖርበታል። ካልወጣ በኢንዶስኮፒ ይወሰዳል፤ ቢቆይ ራሱ ቱቦውን ይጎዳልና። በሐሞት ቱቦ የሚቀመጠው የፕላስቲክ ስቴንት ደግሞ በሦስት ወር ገደማ ካልተለወጠ ይዘጋና ኢንፌክሽን ያመጣል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ተራ ቀጠሮ ነው። ከኒሯቅ ለመጣ ሰው ግን በሬ ወይም ፍየል አስሸጥቶ የሚያስጉዝ ሁለተኛ መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ማረጋገጫ በሰቆጣ በሚነሳ ራጅ መፈጸም ስለሚቻል፣ በሪፈር ግብረ መልሱ ላይ «በዚህ ቀን የሆድ ራጅ ይነሳ፤ ስቴንቱ ከታየ ይመለስ» ተብሎ ቢጻፍ አንድ አላስፈላጊ ጉዞ ይቀራል።

ከሕክምናው በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት ይሻል። የሆድ ሕመም የሚሰማው ሰው ከ2 እስከ 6 ሰዓታት ባለው ጊዜ የአሚሌዝ ወይም የላይፔዝ ምርመራ ቢደረግለት ለውሳኔ ይረዳል። አሚሌዙ ከመደበኛው ጣሪያ ከአንድ እጥፍ ተኩል በታች ከሆነ ወይም ላይፔዙ ከአራት እጥፍ በታች ከሆነ የቆሽት መቆጣት የመከተሉ ዕድል አነስተኛ ነው። ሆኖም እዚያው ከተማ የሚያድር ሰውና በማግሥቱ ሌሊት በአውቶቡስ የሚሳፈር ሰው በአንድ መለኪያ ሊሰናበቱ አይገባም። በመንገድ ላይ ሕመሙ የተነሳበት ሰው ውኃ መጠጣት ባቃተው፣ እያስታወከ በሄደ መጠን ደሙ ይወፍርና የቆሽቱ ጉዳት ይከፋል። ስለሆነም ከሩቅ የመጣ ሕመምተኛ ቢያንስ አንድ ሌሊት በሆስፒታሉ ወይም በአቅራቢያው ቢያድርና በማግሥቱ ታይቶ ቢሰናበት ይመረጣል። ማደሪያ የሌለው አስታማሚ «ዛሬውኑ እንሂድ» ማለቱ አይቀርምና የማደሪያው ጉዳይ አስቀድሞ ቢታሰብበት የሕክምናው አካል ይሆናል።

ሕመሙ አገር ቤት ከተደረሰ በኋላ ከተነሳስ? በአገሪቱ የጤና ሥርዓት የመጀመሪያው እርከን ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን፣ ሁለተኛው አጠቃላይ ሆስፒታልን፣ ሦስተኛው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ይዟል። ቀላል የሆነ የቆሽት መቆጣት ወደ አዲስ አበባ ሳይመለሱ በአጠቃላይ ሆስፒታል ሊታከም ይችላል፤ ዋናው ሕክምና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ በቂ የሕመም ማስታገሻና ሕመምተኛው መብላት እንደቻለ ምግብ መጀመር ነው። ኢንፌክሽን ሳይኖር ለመከላከል በሚል ብቻ አንቲባዮቲክ መስጠት አይመከርም። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ድርሻም ፈሳሽ ጀምሮ ሳይዘገይ ማስተላለፍ ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ሕመምተኛው ኢአርሲፒ የተደረገለት መሆኑን ካወቀ ነው። አለበለዚያ ከላይኛው ሆድ የሚነሳ ሕመም በጨጓራ መድኃኒት ሊታለፍ ይችላል።

ስለዚህ የስንብት ወረቀቱ ሕመምተኛው ኪስ ውስጥ ታጥፎ የሚቀር ሳይሆን ለማንኛውም የጤና ባለሙያ የሚነበብ ሊሆን ይገባል። ምን እንደተሠራ፣ ስቴንት ተቀምጦ እንደሆነና የሚወጣበት ቀን፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ እንዲሁም አስቸኳይ ምልክቶቹ ይጻፉበት። ምልክቶቹም ወደ ጀርባ የሚሄድ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ማስታወክ፣ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት፣ የጠቆረ ሰገራና የዓይን ቢጫነት ተመልሶ መምጣት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቆሽትን፣ ትኩሳቱ የቱቦ ኢንፌክሽንን፣ የጠቆረው ሰገራ ከተቀደደው ጡንቻ የሚመጣ መድማትን ያመለክታሉ፤ መድማቱ ከሳምንት በኋላም ሊነሳ ይችላል። በዋግ ብዙ ሰው በኽምጣኛ የሚግባባ በመሆኑ ምልክቶቹ በዚያው ቋንቋ ለሕመምተኛውም ለአስታማሚውም ቢነገሩ ወረቀቱ የማይሠራውን ይሠራሉ።

የሐሞት ከረጢቱ ጉዳይም አለ። ጠጠሩ ከቱቦው ቢወጣም የጠጠሩ መፍለቂያ የሆነው ከረጢት በቦታው ከቆየ ሌላ ጠጠር ሊወርድ፣ እርሱም በራሱ የቆሽት መቆጣት ሊያስነሳ ይችላል። በመሆኑም የሚቻል ሲሆን ከረጢቱ በዚያው ቆይታ ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ይመከራል። ይህ ቀዶ ሕክምና ኢአርሲፒ የሚጠይቀውን መሣሪያ ስለማይጠይቅ፣ ቀዶ ሐኪም ባለበት አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ለሕመምተኛው ቤት ቀረብ ብሎ ሊሠራ የሚችል ነው። ቀኑ በግብረ መልሱ ላይ ከስቴንቱ ቀን ቀጥሎ ቢጻፍ፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ሁለቱን ቀናት በአንድ መዝገብ ይዞ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ሊያስታውስ ይችላል።